አብሾና ሁለት ዋንጫ ጠላ

አባቴ በዕድሜያቸው የጠጡት ጠላ ሁለት ዋንጫ ብቻ ነው። ሁለቱንም ሲጠጡ አጠገባቸው ነበርሁ። ሰው አባቱ ስላሠራው ፎቅ ወይም ስለገዛው መኪና ሲያወራ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ተራዬ ሲደርስ ግን ስለነዚያ ሁለት ዋንጫዎች ነው የማወራው፤ ያውም ደረቴን ነፍቼ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ልጀምርለት። አባቴ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ የጣና ዳር ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ግቢያችን በተማሪ ጎጆ የተከበበ ነበር። ተማሪው ሁሉ «የኔታ» ስለሚላቸው እኔና ታናሽ ወንድሜም «አባባ» ማለት ሳንለምድ «የኔታ» እያልን አደግን። ከቤታችን ጓሮ ወደ ሐይቁ የምትወርድ፣ ከአንዲት ዋርካ ተነሥታ ሌላዋ ዋርካ ሥር የምታልቅ ቀጭን መንገድ አለች። አባቴ ቅኔ የሚቈጥሩት፣ ማለት በልባቸው የሚያወጡት፣ እዚያች መንገድ ላይ እየተመላለሱ ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ከዋርካ ወደ ዋርካ። በክረምት አገሩ ሁሉ ሣር ሲለብስ እንኳ ያቺ መንገድ ላይ ሣር አይበቅልም። እኛ ልጆቹ ከመልመዳችን የተነሣ ልብም አንለው ነበር።

የኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ የቅኔ ሰው ሲሳካለት፣ አንዴ የሰማውን ሳይረሳ ሲቀር፣ «ጎበዝ ነው» ብቻ ብሎ አያልፍም። «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይላል። አብሾ የቅኔ ተማሪ አእምሮው እንዲከፈትለት በድብቅ የሚጠጣው መድኃኒት ነው። ምን ምን እንደሚገባበት የሚያውቀው ቀማሚው ብቻ ነው፤ አስተናግር የሚባለው መርዘኛ ተክል እንዳለበት ግን ሁሉም ያወራል። የጠጣው ሰው ለቀናት የሌለ ነገር ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፣ ሲመለስ ምሥጢር ተገልጦለት ይመለሳል ነው የሚባለው። ታዲያ ዕዳ አለው። አብሾ የጠጣ ሰው ጠላም ሆነ አረቄ በአፉ አይዞርም፤ ከጠጣ ይነሣበታል፣ ያብዳል። ይባስ ብሎ በደም ወደ ልጅ ይሄዳል ይላሉ። ከተማ ውስጥ እንኳ ሲጠጣ የሚያስቸግር ሰው ካለ «ተወው፣ አብሾ አለበት» ይባላል።

አባቴ ደግሞ ጠላ አይቀምሱም ነበር። በወር በወሩ በሚካኤል ማኅበር ጠላው ሲዞር እናቴ ለሳቸው ለብቻ ብርዝ ትቀዳላቸዋለች፤ ማር በውኃ የተበጠበጠ፣ ያልፈላ። ለሕዝቡ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ፊት ለፊት የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም ጠጣሁ ሲሉም አልጠጣሁም ሲሉም ሰምተን አናውቅም። እኔና ወንድሜ ግን ያቺ የብርዝ ብርሌ በሰው ሁሉ ፊት ስትቀርብላቸው ኩራታችን ልክ አልነበረውም። የኛ አባት እንደ ሌላው አባት እንዳልሆኑ በዚያች ብርሌ ነበር የምናውቀው።

እኔ አድጌ ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆንሁ። ቁጡ ነኝ። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት ያስፈልጋል ይላሉ፤ ያለችኝን ትዕግሥት ለበሽተኛ ስለምጨርሳት ለቤተሰብ የሚተርፍ የለኝም። ባለፉት ዓመታት ጋንጃ አጭሰው የመጡ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። አንዱ እየሳቀ ይመጣል። አንዱ ግድግዳው እየቀረበኝ ነው ብሎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ ደግሞ ልቤ ቆሟል ብሎ እጄን ይዞ ደረቱ ላይ ያስቀምጥና አልለቅም ይላል፤ ልቡ እኮ ከኔ ልብ በላይ ነው የሚመታው። አስተናግር በልተው የመጡም አጋጥመውኛል፤ እሱስ ቀልድ አይደለም፣ ሳይነሡ የቀሩም አሉ።

አንድ ቀን አንዱን ጎረምሳ «ያየኸው ነገር እኮ እውነት አይደለም» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ሲስተር፣ እዚያ ነበርሽ?» አለኝ። አልነበርሁም። አጭሼ አላውቅም። በዚያ ቀን ተናድጄ ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ አጋጭቼ ነው የወጣሁት። እያደር ሳስበው ግን የልጁ ጥያቄ ልክ ነበር። እኔ ከውጭ ሆኜ የማውቀው የዓይኑን መቅላትና የልቡን ምት ነው። ውስጥ የሆነውን የሚነግረኝ እሱ ነው፤ የሚነግረኝም ደግሞ በሚያውቀው ቃል፣ በሰማው ወሬ፣ ሊያፍርበት በማይፈልገው መንገድ ነው። ይኼን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የገባኝ በወንድሜ ነው።

ወንድሜ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ምሕንድስና አራተኛ ዓመት። ቅዳሜና እሑድ ዓባይ ማዶ እኔ ቤት ይመጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ወረደ። አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ፊቱ አመድ መስሏል። «እታለም፣ አበድሁ» አለኝ። ክው አልሁ። በሥራዬ ይኼን ቃል በቀን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ከወንድሜ አፍ ሲወጣ ግን የያዝሁትን ልብስ ጥዬ እጁን ያዝሁት።

አስቀምጬ ውኃ ሰጥቼ ቀስ እያልሁ ጠየቅሁት። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ተቀምጠው ጋንጃ አጭሰዋል፤ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜው ነው። ያው አንዱን ተቀባብለው ነው ያጨሱት። አንደኛው ጓደኛው ውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ወፎች እያየ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ «ጦዝሁ» እያለ ለወፎቹ ስም ያወጣ ጀመር። ሁለተኛው ጃኬቱን ተንተርሶ እንቅልፉን ለጠጠ። ወንድሜ ግን ፀሐይዋ ቆመችበት። አንድ ነገር አየ። ምን እንዳየ ስጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚያውቀው የሾላውን ግንድ አቅፎ መቆየቱንና ከዚያ ጫማውን እንኳ ሳይፈልግ መሮጡን ነው።

በማግሥቱ ሰውነቱ ደህና ነበር። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ጓደኞቹ ሰኞ ክፍል ገቡ፤ እሱ እኔ ቤት ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ዓይኑን ሲመረምር አገኘው ነበር። በርግጥ ጋንጃ በአንዳንድ ሰው ላይ እውነተኛ በሽታ እንደሚቀሰቅስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እሰልለው ነበር። እንዴት እንደሚያወራ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ የሌለ ድምፅ እንደሚሰማና እንደማይሰማ። አብሮኝ የሚሠራው ሐኪምም አየው። የሚናገረው መልክ ያለው ነው፣ ሐሳቡ የተያያዘ ነው፤ የያዘው ፍርሃት እንጂ ሌላ አይደለም አለን። ፍርሃቱ ግን ብቻውን ትምህርቱን ሊያስጥለው ደርሶ ነበር።

«ሦስታችንም ከአንድ ነው ያጨስነው» አለኝ አንድ ቀን። «እነሱ ምንም አልሆኑም። እኔ ብቻ ለምን?»

እኔም የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍሁለት። የሰው ሰውነት አንድ አይደለም፣ ያደረው እንቅልፍ፣ የበላው፣ በልቡ ይዞት የገባው ሐሳብ፣ አብሮት ያለው ሰው፣ ሁሉም ያየውን ነገር ይለውጠዋል አልሁት። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። እስኪበቃኝ ሰማኝና «አይደለም፣ አብሾው ነው» አለ።

«የምን አብሾ?»

«የየኔታ ነዋ። በደሜ አለ። የሚያስነሣው ጠላ ብቻ መስሎን ነበር፤ ይኼም አስነሣው። እነሱ ምንም ያልሆኑት አባቶቻቸው አብሾ ስላልጠጡ ነው።»

ልቆጣው አሰብሁ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ጠላ አልጠጣም። ሰርግ ላይ ሲቀዳልኝ «አልወደውም» እላለሁ። ውሸቴን ነው፣ እፈራለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ሰውን ሳስተምር የምውል ሴትዮ፣ ያባቴ አብሾ ይነሣብኛል ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ዋንጫ እሸሻለሁ። ወንድሜን በምን አፌ ልቆጣው?

በዚያው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ትምህርት ለማቋረጥ የሚሞላውን ቅጽ አገኘሁት። ስሙን ጽፎ፣ ምክንያት በሚለው ላይ «ሕመም» ብሎ ፈርሞበታል። ሰኞ ሊያስገባው ነው። አራት ዓመት የለፋው ልጅ፣ ያውም ከክፍሉ ፊተኛ የነበረ። ቅጹን እንደያዝሁ ለአባቴ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጋንጃውንም ሳልደብቅ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ምን አየ?» አሉ በመጀመሪያ።

«አልናገርም ብሏል።»

«ሌሎቹስ?»

«አንዱ ስቋል፣ አንዱ ተኝቷል።»

«እሱ ምን ሆንሁ ነው የሚለው?»

«የርስዎ አብሾ በደሜ አለ፣ ማበዴ አይቀርም ነው የሚለው።»

«እሑድ ሚካኤል ነው፤ ማኅበሩም እኛ ቤት ነው። ይዘሽው ነይ። ወረቀቱን እስከዚያ እንዳያስገባ» ብለው ዘጉት።

እሑድ ማለዳ በጀልባ ሄድን። ወንድሜ ከምእመናኑ መካከል ተቀምጦ ውኃውን ላለማየት ጉልበቱን ሲያይ ደረሰ። ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ግቢያችን ውስጥ በተጣለው ዳስ ገባ። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በላይ፣ ሴቶቹ በጎን፣ የአባቴ ተማሪዎች በስተ በሩ ተደረደሩ። ወንድሜ በሩ አጠገብ ቁጭ አለ፤ እንደ እንግዳ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቈረሰ፣ ጠላው መዞር ጀመረ። እናቴም እንደ ወትሮው የብርዟን ብርሌ ይዛ ወደ አባቴ ቀረበች።

አባቴ የብርሌውን አፍ በእጃቸው ከደኑት። «ዛሬ ከጠላው ቅጅልኝ» አሉ።

በቀኛቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ «የኔታ፣ ምን ነካዎት?» አሉ። አንዷ ሴት ልጆቿን ወደ ጓዳ ስትሰድ አየሁ። አንዱ ሰውዬ ዳቦው የተቈረሰበትን ቢላ ቀስ ብሎ ጋቢው ሥር ሸጎጠው። ወንድሜ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ፊቱ ያን ቅዳሜ የመጣበትን ፊት መስሏል። እናቴ ግን ብርሌውን አስቀመጠች፣ ዋንጫ አነሣች፣ ቀዳች። አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰችም። እጇን ሳይ ነው ነገሩ ለሷ አዲስ እንዳልሆነ የጠረጠርሁት።

አባቴ አማተቡና ጠጡ። እስከ ግማሽ ሲደርሱ ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው መሰለ፤ ግን ጨረሱት። እኔ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም፣ አጠገባቸው ደርሼ የእጃቸውን የደም ሥር ይዤ ነበር። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አንገታቸው ይጠመዘዛል፣ አረፋ ይደፍቃሉ፣ በግዕዝ ይለፈልፋሉ፤ ብቻ አንድ ነገር ይጠብቃል። የደም ሥራቸው ግን በእጄ ውስጥ ዝግ ብሎ ይሄድ ነበር።

«ድገሚኝ» አሉ ለእናቴ። ደገመቻቸው። ሁለተኛውንም ጨልጠው ጢማቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አባቶች፣ ወንድሞች» አሉ። «ይቅር በሉኝ። እኔ አብሾ ጠጥቼ አላውቅም።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ለአርባ ዓመት ያልተናገሩትን ተናገሩ። በተማሪነታቸው መምህራቸው ከጉባኤው ሦስት ልጆች መርጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ጫካው ወሰዷቸው። ጽዋው ዞረ። ሁለቱ ጠጡ፤ መጨረሻ እሳቸው ዘንድ ደረሰ። «ፈራሁ» አሉ አባቴ፣ በተማሪዎቻቸው ሁሉ ፊት። «መምህሬ ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ ከንፈሬን አስነክቼ አንገቴ ሥር አንቆረቆርሁት። ያን ጊዜ ደበሎ፣ የበግ ለምድ ነበር የምንለብሰው። አብሾውን የጠጣው ደበሎው ነው። ደበሎው ግን አንድም ቅኔ አልቈጠረም።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ፈገግ አለና ቶሎ አፉን በእጁ ሸፈነ። አባቴ ግን አልሳቁም።

«ጓደኞቼ የምር ጠጡ። አንዱ ፊደል እንደ ጉንዳን ዛፍ ላይ ሲወጣ አየሁ ብሎ ሁለት ቀን ሳቀ። አንዱ የሞተች እናቱን አየ፤ ከሷ ሌላ ምንም አላየ። በሦስተኛው ቀን መምህራችን ‹ምን አያችሁ?› ብለው ጠየቁን። እኔ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ መጽሐፍ አበላኝ አልሁ። ሲወራ የሰማሁትን ነው ያልሁት። መምህሬ ‹እንዲህ ነው እንጂ!› አሉ። እናቱን ያየው ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። የሱ አብሾ ያልሠራ፣ እሱም ያልተመረጠ መሰለው። ወር ሳይሞላው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። እሱ በእውነት ባየው ያፈረው፣ እኔ በውሸት አየሁ ባልሁት ነው። ከዚያ ወዲያ ጠላ ብጠጣ እጋለጣለሁ፤ ይኸው በብርዝ አረጀሁ።»

በሩ አጠገብ የቆመውን ወንድሜን አዩት። «አሁን ደግሞ ልጄ ያልጠጣሁት አብሾ በደሜ አለ ብሎ ትምህርቱን ሊጥል ነው። በኔ ውሸት ሁለተኛ ሰው ትምህርቱን አይጥልም።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። በዚያ አገር የቅኔ መምህር ሀብቱ ስሙ ነው። አባቴ ያን ስም ከነማስረጃው አንሥተው በሰው ፊት አፈሰሱት። ዳሱ ውስጥ ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ሰው ግን ሰው ነው። አንዱ ደብተራ «አብሾው አርጅቶ ለቋቸው ነው» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ሌላው «የለም፣ በትሕትና ነው የደበቁት» አለው። አንዲት አሮጊት ደግሞ ሲጠጡ ዓይናቸው ሲገለባበጥ አይቻለሁ ብላ ማለች። እኔ እኮ የደም ሥራቸውን ይዤ ነበር! ከአንድ ዋንጫ ያን ሁሉ ነገር አዩ፤ ያውም ሳይጠጡ። ቱግ አልሁና እናቴ እጅ ላይ ያለውን ዋንጫ ነጥቄ ሦስተኛውን እኔ ጠጣሁ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያውን። እሷም በጆሮዬ «ቀስ፣ ጉሽ ነው» አለችኝ። «ታውቂ ነበር?» አልኋት። «ልብሱን የማጥብለት እኔ ነኝ፤ ደበሎውን ከነአብሾው እድፍ ይዞ ነው ያገባኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በኋላ የሆነውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በሳምንቱ ሁለት ተማሪዎች አብሾ ጠጥተዋል ወደሚባሉ ሌላ መምህር ሄዱ፤ ሌሎቹ ቀሩ። ወንድሜ ሰኞ ክፍል ገባ። ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቀውም፤ ግን ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው የፈራው። ቅጹ እስካሁን እኔ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሲመረቅ ፎቶውን ከቅጹ ጋር ነው ያስቀመጥሁት። አባቴም ጓዛቸውን ጠቅልለው የሄዱትን የጥንት ጓደኛቸውን አፈላልገው አገኟቸው። መራዊ አካባቢ፣ ቆጋ ላይ በመስኖ ድንች የሚያመርቱ ሽማግሌ ሆነዋል። አባቴ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰውዬው በሁለት እጃቸው አነሧቸው አሉ። «እናቴ ሻሿን አስተካክላ ግንባሬን ስማኝ ነው የሄደችው። ያኔ ትንሽ ነገር መስሎኝ አፈርሁበት፤ አሁን ቢሆን በመጽሐፍ አልለውጠውም» አሏቸው። አንድ ጆንያ ድንች አሸክመውም ላኳቸው። አባቴ ጠላውን አልደገሙትም። «ለዚህ ነው አርባ ዓመት የቀናሁት!» ብለው ወደ ብርዛቸው ተመለሱ።

የዚያን እሑድ ማኅበርተኛው ተመርቆ ሲበተን፣ የመመለሻ ጀልባችን እስኪደርስ ድረስ አባቴ ወንድሜንና እኔን ይዘው ከጓሮ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ነጠላ ጫማቸው እየተንሸራተተ ከፊት ይመራሉ፤ ጠላው ትንሽ ሞቅ አድርጓቸው ነበር። ታችኛዋ ዋርካ ሥር ስንደርስ ዞር ብለው «ምን አየህ?» አሉት።

ወንድሜ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ውኃውን አየ። ለኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የደበቀውን ለሳቸው ተናገረ።

«እርስዎን ነው ያየሁት፣ የኔታ። ወንበርዎ ላይ ተቀምጠዋል። ሐይቁ በሙሉ ተማሪ ሆኖ ዝም ብሎ ይሰማል። ቅኔህን ንገር አሉኝ። ጀመርሁ፣ ጀመርሁና የመጨረሻዋ ቃል ጠፋችኝ። እርስዎ ይጠብቃሉ። ካልነገርሁ ፀሐይዋም አትጠልቅም። የርስዎ ልጅ ሆኜ አንዲት ቃል አጣሁ።»

አባቴ ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው የማላገጥ አልነበረም።

«እሱንማ እኔ ሳልጠጣ ነው የማየው» አሉ። «በተማሪነቴ መምህሬ ወንበሩ ላይ ሆነው አይቼዋለሁ። አሁንም ይመጣብኛል፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ መጥቷል።»

«እርስዎ?» አለ ወንድሜ። «ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ተነሥቼ ቃሏ እስክትመጣ እዚህ መንገድ ላይ እመላለሳለሁ።»

ጀልባው ከሩቅ ሲያንባርቅ ተሰማ። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ላይኛዋ ዋርካ ጉዞ ጀመሩ። ወንድሜ ግን ባለበት ቆሞ እግሩ ሥር ያለውን መሬት ያይ ነበር። ወሩ መስከረም ነበር፤ በግራና በቀኝ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። እሱ በቆመበት ላይ ግን አንዲት ሣር አልነበረችም።